የማይለወጥ ምልክት፤ ከኦብጀክት ወደ ኤክስኤምኤል

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ አንድ ንግግር እንድናሰማ በጠየቀን ጊዜ፤ አምስታችንም መጀመሪያ ያሰብነው በትሕትና እምቢ ለማለት ነበር። ርእሱ ለብዙዎቻችሁ ደረቅ እንደሚሆን እናውቅ ነበርና። ኋላ ግን ነገሩን ስንመረምረው፤ ልንናገር የሚገባን ስለ ኮምፒዩተር ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። የምንናገረው እኛው ራሳችን ስለ ሠራነው ስሕተትና፤ ያንንም ስሕተት ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ እንዴት እንዳገኙት ነው። ስለዚህ የሕጉም ተማሪ፤ የእርሻውም ተማሪ፤ የጤናውም ተማሪ ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፤ ከመካነ ሰላም ወደ አጅባር ሄደን፤ በዚያ የሚገኘውን የአንድ ትንሽ የንባብ ክፍል መጻሕፍት በኮምፒዩተር ልንመዘግብ ተስማማን። ከመካከላችን ሁለቱ የሳይንት ልጆች ስለ ሆኑ፤ የማደሪያም የምግብም ችግር አልነበረብንም። ክፍሉን የሚጠብቁት በጡረታ ያሉ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ አንድ ካርድ በእጃቸው ጽፈው፤ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በፊደል ተራ ደርድረውታል። የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም መጽሐፍ ካርድ በአንድ ሣጥን ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እየወረደ፤ አንዳችን ካርዱን እያነበብን፤ ሌላችን እየመታን፤ በሦስት ሳምንት ሥራውን ጨረስነው። መብራት በጠፋ ጊዜም ጋሼ የድሮ ጨዋታ ያወሩልን ነበር።

መዝገቡን በአዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ወዳጃችን ላክንለት። እርሱም በራሱ ፕሮግራም መጻሕፍቱን በታተሙበት ዓመት ተራ አስይዞ፤ በወረቀት አትሞ መልሶ ሰደደልን። ወረቀቱን በኩራት ለጋሼ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካነበቡ በኋላ፤

«ልጆቼ፤ ፍቅር እስከ መቃብር ከኡለንዶርፍ መጽሐፍ በፊት ታተመ ብሎ የነገራችሁ ማን ነው?» አሉን።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነበር፤ ፍቅር እስከ መቃብር፤ 1958፤ ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ስለ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ፤ 1960። 1958 ከ1960 ያንሳልና ምን ጥፋት አለበት ስንል፤ ጋሼ ሣጥኑን ስበው ሁለቱን ካርዶች አወጡ። በአንደኛው ላይ «1958 ዓ.ም.»፤ በሁለተኛው ላይ «እ.ኤ.አ. 1960» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በታተመበት በ1958 ዓ.ም. አውሮፓውያን የሚቈጥሩት 1965 ወይም 1966 ነበር። እንግዲህ ኋላ የታተመው ፊት፤ ፊት የታተመው ኋላ ሆኖ ተራው ተገልብጧል።

«እኔ በያንዳንዱ ካርድ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እናንተ የት ጣላችሁት?» አሉን።

የጋሼ ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። የዛሬው ንግግራችንም ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው።

ኦብጀክትና ወረቀት

በፕሮግራም ቋንቋ «ክላስ» የሚባለው ገና ያልተሞላ ቅጽ ማለት ነው። በቅጹ ላይ ርእስ፤ ደራሲ፤ ዓመት የሚሉ ባዶ ቦታዎች አሉ። «ኦብጀክት» የሚባለው ደግሞ ቅጹ በተሞላ ጊዜ የሚገኘው ነገር ነው። ክላሱ አንድ ሲሆን ኦብጀክቶቹ እንደ መጻሕፍቱ ቍጥር ብዙ ናቸው። ነገር ግን ኦብጀክት የሚኖረው በኮምፒዩተሩ የሥራ ሐሳብ ውስጥ ስለ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወይም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲቈይ ወይም ወደ ሌላ አገር እንዲላክ ከተፈለገ መጻፍ አለበት።

ከሚጻፍባቸው መንገዶች አንዱ ኤክስኤምኤል ነው። ይህ ሥርዓት በወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሽየም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1998 በየካቲት ወር የወጣ ሲሆን፤ ባሕርዩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነገር መክፈቻና መዝጊያ ባለው ስም ይታቀፋል። ለምሳሌ ያህል የአንድ መጽሐፍ ካርድ እንዲህ ይጻፋል።

<መጽሐፍ አቈጣጠር="ኢትዮጵያ">
<ርእስ>ፍቅር እስከ መቃብር</ርእስ>
<ደራሲ>ሐዲስ ዓለማየሁ</ደራሲ>
<ዓመት>1958</ዓመት>
</መጽሐፍ>

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ስም ታግ ይባላል። ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ያለው በሙሉ ኤለመንት ነው። በመክፈቻው ታግ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈው፤ «አቈጣጠር» የሚለው፤ አትሪቢዩት ይባላል። አትሪቢዩት ማለት በከረጢት አፍ ላይ እንደሚታሰር ምልክት ነው፤ እህሉ ራሱ አይደለም፤ እህሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ግን ይናገራል። ኦብጀክትን በዚህ መልክ መጻፍን፤ ከጽሑፉም መልሶ ኦብጀክት ማድረግን፤ የሙያው ሰዎች ማፒንግ ይሉታል። እኛ ማዛመድ እንበለው።

ቋሚ ዋጋ ምንድን ነው?

አንዳንድ ምልክት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው። የኤክስኤምኤል ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ነገር «ቋሚ» የሚል ውሳኔ አለው። ውሳኔው የሚጻፈው በመዝገቡ ላይ ሳይሆን፤ ስኪማ በሚባል ሌላ ጽሑፍ፤ ማለት የመዝገቡን ሕግ በያዘው ወረቀት ላይ ነው። ቋሚ የተባለ አትሪቢዩት ሦስት ሕግ አለው። አንደኛ፤ አትሪቢዩቱ ተጽፎ ዋጋው ከሕጉ ጋር አንድ ከሆነ መዝገቡ ደኅና ነው። ሁለተኛ፤ ተጽፎ ዋጋው የተለየ ከሆነ መዝገቡ ስሕተት ነው ይባላል። ሦስተኛ፤ ጭራሽ ሳይጻፍ ከቀረ፤ ስኪማውን ይዞ የሚያነብ ፕሮግራም እንደ ተጻፈ ቈጥሮ ዋጋውን ራሱ ይሞላል።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ በዓለም ላይ ብዙ የተሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል የሚባለው የድረ ገጽ አጻጻፍ፤ በመጀመሪያው ታግ ላይ ያለውን የወገን ስም በዚሁ ዓይነት ቋሚ አድርጎት ነበር። ገጽ የሚጽፍ ሰው ያንን ስም ሊለውጠው አይችልም፤ ቢለውጠው ሌላ ወገን ይሆናልና።

የሚያሳስተው ሦስተኛው ሕግ ነው። ምሳሌውን ከገበያችን እንውሰድ። ቁና በየገበያው ልኩ እንደሚለያይ ሁላችንም ከእናቶቻችን ሰምተናል። አንድ ሰው በራሱ ገበያ ሲሸጥ «በየትኛው ቁና?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ልኩ ለዚያ ገበያ ቋሚ ነው። ያው ሰው «አሥር ቁና ሰድጄልሃለሁ» ብሎ ለሩቅ አገር ሰው በደብዳቤ ቢጽፍለት ግን፤ ተቀባዩ የሚሰፍረው በራሱ ቁና ነው። ቢጎድል ሌባ ማን ይባላል? ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢውም አልዋሸም። የጠፋው ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ሳይጻፍ የቀረው አንድ ቃል ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ካርዶቹን ስናይ ከላይ ያሉት ሁሉ የአማርኛ መጻሕፍት ስለ ነበሩ፤ «ዓ.ም.» የሚለው በሁሉም ላይ ተደጋግሞ አገኘነው። በሁሉ ላይ አንድ ከሆነ በያንዳንዱ ላይ መምታት ጊዜ ማጥፋት ነው ብለን፤ በስኪማው ላይ አቈጣጠር ቋሚ ነው፤ ዋጋውም «ኢትዮጵያ» ነው ብለን ደነገግን። ከዚያም ስኪማውን ለጃቫ መሣሪያ ሰጠነው፤ እርሱም ክላሱን ራሱ ጻፈልን። መሣሪያው ጃክስቢ ይባላል፤ ቀድሞ ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በ11ኛው ጃቫ ከውስጡ ወጥቶ ዛሬ ለብቻው ይገኛል።

ይህ መሣሪያ የተለየ ነገር ካልነገሩት በቀር፤ ለቋሚው አትሪቢዩት በክላሱ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ይሠራለታል። «አቈጣጠሩ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፤ ቦታው ባዶ መሆኑን አይቶ «ኢትዮጵያ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ፈትነን ስናይ፤ ሁሉ መጽሐፍ «ኢትዮጵያ» ይላል፤ እኛም ደስ ብሎን ተኛን። ነገር ግን ኦብጀክቱ ሲጻፍ መሣሪያው የሚያየው መልሱን ሳይሆን ቦታውን ነው። ቦታው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ምንም አይጽፍም። አንደበቱ የሚናገረውን እጁ አልጻፈውም ማለት ነው።

መዝገቡ አዲስ አበባ ሲደርስ ስኪማው አብሮት አልነበረም። ብዙ ፕሮግራም ስኪማ ሳይጠይቅ ያነባል፤ የወዳጃችንም ፕሮግራም እንደዚሁ ነበር። በቁሙ 1958 የሚል ቍጥር አገኘ፤ በራሱ ቁናም ሰፈረው።

እንግዲህ ጋሼ «የት ጣላችሁት?» ላሉት መልሱ ይህ ነው፤ አልጣልነውም፤ ከካርዱ ላይ ወስደን በሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ አኖርነው። ሕጉም ቤት ቀረ።

የዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው በኦብጀክቱ በኩል ነው። ጃክስቢን ቋሚውን አትሪቢዩት የማይለወጥ ዋጋ ያለው አባል አድርገህ ሥራው ብለን ልናዝዘው እንችላለን፤ ያን ጊዜ ባዶ ቦታ ስለማይኖር፤ ኦብጀክቱ በተጻፈ ቍጥር ምልክቱም አብሮ ይጻፋል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማይለወጥ ከሆነ ከውጭ በሚመጣ መዝገብም አይለወጥም፤ አንድ ሰው የተለየ ዋጋ ጽፎ ቢልክልን ያ ዋጋ ወደ ኦብጀክቱ ሳይገባ ይቀራል፤ በስኪማው ካልመረመርነው በቀር ስሕተቱ ማንም ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ሲጽፉ ቋሚ ማድረግ፤ ሲያነቡ ደግሞ መመርመር የግድ ነው።

በዶትኔት ለሚሠሩ ጓደኞቻችን ደግሞ ወጥመዱ በሌላ በኩል ነው። በዚያ ያለው የተለመደው ጻፊ የሚጽፈው ሊነበብም ሊሞላም የሚችለውን የክላስ አባል ነው፤ የሚነበብ ብቻ ከሆነ ይዘለዋል። ስለዚህ ሰዎች የማይለወጠውን ነገር፤ ለይስሙላ የሚሞላ በር ይሠሩለታል፤ በበሩ የገባው ሁሉ የትም አይደርስም። ደግሞም በአንድ አባል ላይ «ሌላ ካልተጻፈ የሚወሰደው ዋጋ ይህ ነው» ብለው ቢጽፉ፤ ጻፊው ያንኑ ዋጋ ባገኘ ጊዜ ቀለም ለመቈጠብ ሳይጽፈው ይቀራል። ሁለቱም ያው የቁናው ነገር ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት በስኪማው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የኤክስኤምኤል ስኪማ ሕግ፤ አንድ አትሪቢዩት ቋሚም ግዴታም እንዲሆን ይፈቅዳል። ቋሚ ብቻ ከሆነ ቢቀር ይሞላል፤ ቋሚና ግዴታ ከሆነ ግን ቢቀር ስሕተት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ዲቲዲ የሚባለው አሮጌው ሕግ ሁለቱን ባንድነት አያስችልም ነበር። እኛ ይህን ያወቅነው ከጋሼ ጥያቄ በኋላ ነው፤ አስቀድመን አውቀነው ቢሆን ኖሮ የክረምቱ ድካም ባልባከነ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተታችን

አርመን ስንጨርስ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መሰለን። ምልክቱ በያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ተጻፈ። ወዳጃችንም ፕሮግራሙን አርሞ እንደ ገና ተራ አስያዘልን። አሁን ደግሞ ምን ሆነ? የኡለንዶርፍ መጽሐፍ 1967 ወይም 1968 የታተመ ሆኖ ተገኘ! ምክንያቱም በስኪማችን ሁሉ መጽሐፍ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው ብለናልና፤ 1960ን ኮምፒዩተሩ የኛ 1960 አደረገው። በመጀመሪያው ጊዜ እውነት የሆነውን አልጻፍንም፤ በሁለተኛው ጊዜ ሐሰት የሆነውን በሕግ አስገድደን ጻፍን። የትኛው እንደሚብስ ፍርዱን ለእናንተ እንተወዋለን፤ እኛ ግን ሁለተኛው ይብሳል እንላለን። የጎደለ ነገር ሰውን ያስጠይቃል፤ ማኅተም ያለበት ሐሰት ግን አያስጠይቅም።

ጥፋቱ የት ላይ ነው? ያየናቸው የላይኞቹን ካርዶች ብቻ ነበር። «በሁሉ ላይ አንድ ነው» ያልነው በጥቂቱ ላይ አንድ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ደግሞም ምልክቱን ያሰርነው በማይገባው ነገር ላይ ነው። አቈጣጠር የመጽሐፍ ጠባይ አይደለም፤ የዓመት ጠባይ ነው። አንድ መጽሐፍ በሁለት አቈጣጠር የተጻፈ ሁለት ዓመት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻ ካርዱን እንዲህ አድርገን ጻፍነው።

<መጽሐፍ ሥርዓት="1">
<ርእስ>ፍቅር እስከ መቃብር</ርእስ>
<ደራሲ>ሐዲስ ዓለማየሁ</ደራሲ>
<ዓመት አቈጣጠር="ኢትዮጵያ">1958</ዓመት>
</መጽሐፍ>

በዚህ አጻጻፍ አቈጣጠር ግዴታ ነው፤ ቋሚ ግን አይደለም፤ ከተዘረዘሩት ዋጋዎች አንዱ መሆን አለበት። ቋሚ ሆኖ የቀረው «ሥርዓት» የሚለው፤ ማለት ካርዱ በየትኛው የአጻጻፍ ደንብ እንደ ተጻፈ የሚናገረው ነው። ይህ በእውነት በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ደንቡን እስክንለውጥ ድረስ አይለወጥምና። ደንቡን የለወጥን ዕለት 2 ይሆናል፤ አሮጌው ካርድም አሮጌ መሆኑን ራሱ ይናገራል።

ጋሼ ግን ይህንንም ሲሰሙ አንድ ነገር ጨመሩበት። «የብራና መጽሐፍ ቢመጣላችሁስ? በዓመተ ዓለም የተጻፈ እንደ ሆነ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉን። እውነት ነው። የቀድሞ ጸሐፍት ከዓለም ፍጥረት ጀምረው ሲቈጥሩ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨምራሉ፤ 1860 ዓመተ ምሕረት 7360 ዓመተ ዓለም ነው። እኛም ለዚህ ምን ስም እናውጣለት እያልን ስንከራከር፤ ስሙ አስቀድሞ ወጥቶለት አገኘነው። ዩኒኮድ የሚያዘጋጀው ሲኤልዲአር የተባለው የዓለም ቋንቋዎች መዝገብ ራሱ በኤክስኤምኤል የተጻፈ ነው። በእርሱም ውስጥ የዘመን አቈጣጠርን ዓይነት የሚናገረው አትሪቢዩት ለኢትዮጵያ ሁለት የታወቁ ዋጋዎች አሉት፤ አንዱ ለዓመተ ምሕረቱ፤ አንዱ ለዓመተ ዓለሙ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም እያለ የራስን ስም ማውጣት፤ አዲስ ቁና ሠርቶ ገበያ መውጣት ነው።

ስለ ታጎቹ ስም

በዚህ ላይ እስካሁን ታጎቹን በፊደላችን ስንጽፍ አይታችኋል። ክረምት ላይም በመጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን የያዝነው አንባቢ ፕሮግራም «መጽሐፍ» የሚለውን ታግ አልቀበልም አለን። በመካከል ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ይቀበላል፤ ስሙን ግን አይቀበልም። ነገሩ ስለ ገረመን ታሪኩን ፈለግነው።

ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ፤ ለስም የሚሆኑትን ፊደላት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ነበር፤ ዝርዝሩም የተወሰደው ከሁለተኛው ዩኒኮድ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። በአንድ ዓመት ተበልጠን ቀረን ማለት ነው። ስለዚህ ፊደላችን በይዘት ውስጥ ተፈቅዶለት፤ ለኤለመንት ስም፤ ለአትሪቢዩት ስም፤ እንዲሁም በዲቲዲ ውስጥ ተዘርዝረው ለሚቀመጡ የአትሪቢዩት ዋጋዎች የተከለከለ ሆነ። እንግዳው ቤት ይገባል፤ ስሙ ግን በር ላይ አይጻፍም እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው 1.1 የሚባለው እትም ይህን አነሣው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሳይሠራበት ቀረ። የኋላ ኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2008 የዋናው የ1.0 አምስተኛ እትም ሲወጣ ነው ስሙም በፊደላችን እንዲሆን የተፈቀደው። ይሁን እንጂ በአሮጌው ዝርዝር የሚሠሩ አንባቢ ፕሮግራሞች ዛሬም አሉ።

እዚህ ላይ ቋሚው አትሪቢዩት ውለታ ዋለልን። ታጎቹን በላቲን ፊደል ጽፈን፤ ለእያንዳንዱ ታግ አንድ ቋሚ አትሪቢዩት ሰጠነው፤ ዋጋውም የአማርኛ ስሙ ነው። ሳይዘረዘር በቁሙ የሚጻፍ ዋጋ በፊደላችን እንዲሆን ከመጀመሪያውም አልተከለከለም ነበርና። ይህ ዋጋ በእውነት ቋሚ ነው፤ የ«ርእስ» ስሙ ሁልጊዜ ርእስ ነው። ጋሼም በመስኮቱ ላይ የሚያዩት አማርኛውን ብቻ ሆነ። አዲስ አንባቢ ፕሮግራም ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይደክም ታጉን ራሱን በፊደላችን ይጻፍ እንላለን።

ከመቅደላ የወጡት መጻሕፍት

ይህ ሁሉ ለአንድ ትንሽ የንባብ ክፍል ምን ያስፈልጋል የሚል ወንድማችን አይጠፋም። እንዲህ ስንል እንመልስለታለን። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በመቅደላ አምባ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፤ የእንግሊዝ ጦር ብዙ የብራና መጻሕፍት ጭኖ ሄደ። ከእነርሱም ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ ዘርዝሯቸዋል። ከአገራችን የወጣ መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ፤ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው በመዝገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና ቤተ መጻሕፍት የተባለው የጥናት ሥራ፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግበው በኤክስኤምኤል፤ ቲኢአይ በተባለው ሥርዓት ነው። በዚያ መዝገብ የእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ ታግ ዓይነቱን የሚናገር አትሪቢዩት አለው፤ ስለ ብራና የተጻፈ ከሆነ ብራና፤ ስለ ድርሰት ከሆነ ድርሰት፤ ስለ ሰው ከሆነ ሰው፤ ስለ ቦታ ከሆነ ቦታ ይላል። በየወገኑ ያለ ፋይል ሁሉ ያው አንድ ዋጋ አለው፤ ቢሆንም «የታወቀ ነው» ተብሎ አልተዘለለም፤ በፋይሉ ላይ ተጽፏል። ያ ሥርዓት ስለ ዘመንም ቢሆን፤ ጸሐፊው የጻፈውን እንዳለ አኑሮ፤ የአውሮፓውን አቈጣጠር ለብቻው በአትሪቢዩት ለማስቀመጥ ያስችላል። እኛ ባለፈው ክረምት በድካም ያገኘነውን፤ ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎች ያውቁት ኖሯል።

ለተቃዋሚዎቻችን

ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንዳንዶቹ «ኤክስኤምኤል ያረጀ ነገር ነው፤ ዛሬ ሰው የሚጠቀመው በጄሰን ነው» እንደሚሉን እናውቃለን። ጄሰን ቀላልና አጭር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በወርድ የምንጽፋቸው የመመረቂያ ጽሑፎቻችን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በውስጣቸው ኤክስኤምኤል ናቸው። ደግሞም ችግሩ በጄሰን አይቀርም። የጄሰን ስኪማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ «ኮንስት» የሚል ቋሚ ዋጋ የመደንገጊያ ቃል አለው፤ ቃሉ ግን ይመረምራል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። የእኛም ምክር ይኸው ነው፤ ሕግ ይመርምር፤ መጻፉን ግን ጻፊው ይጻፍ።

ሌሎች ደግሞ «በሺህ ካርድ ላይ አንድ ቃል ሺህ ጊዜ መጻፍ ብክነት ነው» ይሉናል። ይህም ክርክር ጥቂት እውነት አለው፤ እኛንም ያሳተን እርሱ ነው። ነገር ግን ሺህ ጊዜ የሚጽፈው ፕሮግራሙ እንጂ ሰው አይደለም። ሰው በእጁ ሺህ ጊዜ በቀይ ቀለም ከጻፈው፤ ለኮምፒዩተር በዛበት ማለት አያምርብንም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን በሦስት ቃል እናሳጥረው። አንደኛ፤ አንድን ዋጋ ቋሚ ነው ከማለታችን በፊት ሣጥኑን እስከ ታች እንመልከተው፤ ቋሚ መሆኑንም የሚወስነው ነገሩን የሚያውቀው ሰው እንጂ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ብቻ አይሁን። ሁለተኛ፤ ቋሚ የሆነውን ነገር በሕጉ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚላከው መዝገብ ላይ እንጻፈው፤ መዝገብ ብቻውን ይጓዛልና። ሦስተኛ፤ ከሌላ የመጣውን መዝገብ በስኪማ ሳንመረምር አንቀበለው።

እኛ ወደ አጅባር የተመለስነው ለመስቀል በዓል ነበር። ሣጥኑን ከመጀመሪያው ካርድ ጀምረን እስከ መጨረሻው፤ ቀይ ቀለሙን እያየን፤ እንደ ገና መታነው። አሁን ፍቅር እስከ መቃብር ከኡለንዶርፍ በኋላ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ባዩ ጊዜ ምንም አላሉም፤ አጥፈው ከካርዶቹ ጋር በሣጥኑ ውስጥ አኖሩት፤ እኛም ከምስጋና ቈጠርነው።

የሚመጣው ክረምት ሲደርስ፤ ከእናንተ መካከል ወደየአገሩ ሄዶ የቀበሌ መዝገብ፤ የትምህርት ቤት መዝገብ፤ ወይም የጤና ጣቢያ ካርድ በኮምፒዩተር ላስገባ የሚል ብዙ እንደሚኖር ተስፋ አለን። የልጅ ልደት ዓመት ያለ አቈጣጠሩ ቢገባ፤ ያ ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያድጋል ወይም ያንሳል፤ ትምህርት ቤት መግቢያው ይበላሽበታል። ስለዚህ በካርድ ላይ ተደጋግሞ የምታዩትን ቃል አትዝለሉት። አንድ ሰው ደክሞ የጻፈው፤ እንዳይጠፋ ብሎ ነው።